ደወሌ ሰለቸኝ
በቺካጎ፣ ከኤጅዋተር ሰፈር ተነስቶ የሚሺጋን ሐይቅን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ደቡብ 29 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የብስክሌተኛውና የእግረኛው ለየብቻ ተለይቶ ያለቀ ቢሆንም፣ ዛሬም ደወሌን ሳላንጫርር የምነዳበት ቀን የለም። ባለፈው ቅዳሜ ፉለርተን አካባቢ፣ አራት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም የተሳለውን ብስክሌት እየረገጡ ሲያዘግሙ ደረስኩባቸው። ብደውል፣ አንዷ ዘወር ብላ ቀስ እንድል መከረችኝ። ከዚያ በላይ ቀስ ማለትማ ወርዶ መግፋት ነው! እነሱን አልፌ ኖርዝ አቬኑ ስደርስ ደግሞ፣ አንድ የኪራይ ባለአራት ጎማ ብስክሌት ሙሉ ቤተሰብ እንደጫነ መንገዱን ዘግቶ ፎቶ ይነሳበታል። የእግረኛው መንገድ ግን እዚያው አጠገቡ ጭር ብሎ ተዘርግቷል።