ማስተካከያ፦ «93 በመቶው መግባቢያችን ቃል አልባ ነው» ስለሚለው

ስለ ሰዎች የመግባቢያ ዓይነቶች በቀረበው ጽሑፍ ላይ «ከምንግባባው 93 በመቶው ቃል አልባ ነው፤ ቃላት 7 በመቶ ብቻ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በየሥልጠናው የሚደጋገም ነገር ነው። ግን ልክ አይደለም።

ቁጥሩ የመጣው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበረው አልበርት ሜህራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በአንደኛው ተሳታፊዎች ነጠላ ቃላትን በተለያየ የድምፅ ቃና ሰሙ። በሌላው ደግሞ ከቃናው ጋር የፊት ፎቶግራፍ አዩ። የተጠየቁት ስለ ስሜት ብቻ ነው፤ መውደድ ነው ወይስ መጥላት? ውጤቶቹ ተዳምረው ቃል 7፣ ቃና 38፣ ፊት 55 በመቶ የሚል ቀመር ወጣ። አንዱ ፊቱን አጨፍግጎ «ደስ ብሎኛል» ቢልዎት የሚያምኑት ፊቱን ነው፤ እሱስ እውነት ነው። ከስሜትና ከአመለካከት ውጪ ግን ቀመሩ እንደማይሠራ ሜህራቢያን ራሱ ተናግሯል።

እስቲ ቁጥሩ ለሁሉም ንግግር ይሠራል እንበል። በማያውቁት ቋንቋ የሚነበብ የቴሌቪዥን ዜና 93 በመቶው ይገባዎት ነበር። የሬዲዮ አድማጭማ ፊት ስለማያይ ከግማሽ በላዩ ባመለጠው!

ሌላም አለ። ጽሑፉ የምልክት ቋንቋን ከጥቅሻና ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር ቃል አልባ በሚለው ምድብ ከቶታል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ቃላትና ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። በድምፅ ባይነገርም ምድቡ ከቋንቋዎች ጋር ነው።