ዶዘር ለአራት አይከፈልም

የክርክሩ ጭብጥ፦ ከባድ ጭነት የሚያነሳ አዲስ የጦር ማጓጓዣ ሄሊኮፕተር መሥራት ያስፈልጋል ወይስ ያሉትን ማደስ ይበቃል? አንዷ ተከራካሪ ኮምቦልቻ ፊዚክስ ታስተምራለች። ሌላኛው ደሴ የሚኖሩ ጡረተኛ የሄሊኮፕተር መካኒክ ናቸው።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ እኔ አዲስ ይሠራ ባይ ነኝ። ከበሸሎ ሸለቆ ወደ ወገልጤና ስንወጣ ጆሯችን ይደፈናል። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ሮተሩ፣ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ማለቴ ነው፣ የሚገፋው አየር፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ቆላ ላይ እስከ 4 ቶን የሚያነሳው ሚ-8 ሄሊኮፕተር እዚያ ሲደርስ ጭነት መቀነስ ግድ ይሆንበታል።

መንገድ በናዳ ሲዘጋ ደግሞ የሚያስፈልገን ዶዘር ነው። እህል በኩንታል ይከፈላል፤ ዶዘር ለአራት አይከፈልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና፣ ሲቹዋን ውስጥ መሬት ሲንቀጠቀጥ ናዳው ወንዝ ገደበ፤ ታንግጂያሻን ላይ ሐይቅ ተጠራቀመ። መንገድ የለም። ከባዱን ማሽን አንጠልጥሎ ያደረሰው ግዙፉ ሄሊኮፕተር ሚ-26 ነው። ውሃው ማስተንፈሻ ቦይ የተቆፈረለት በዚያ ነው።

መካኒኩ፦
ልጄ አብሽሪ፣ በፊዚክሱ አልከራከርሽም። ግን ሚ-26 አደረገው ካልሽ አዲሱ ለምን? 20 ቶን ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1977 ነው መጀመሪያ የበረረው፤ ዛሬም በጭነት የሚበልጠው በሥራ ላይ የለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ካምቢዮው ነው። ሞተሩ በደቂቃ በሺዎች ይዞራል፤ የሚ-26 ሮተር ግን 132 ጊዜ ብቻ። ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከመው ካምቢዮ ነው። ካምቢዮው ላይ ማግኔት ያለበትን ቡሎን ስትፈቺ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥፍር ቅራፊ የቀጠነች ብረት ተጣብቃ ካገኘሽ ካምቢዮው እየተበላ ነው ማለት ነው፤ በቃ፣ ያ ሄሊኮፕተር አይነሳም። አየር ላይ ዳር ይዞ መቆም የለም። አሜሪካኖች አዲሱን የጭነት ሄሊኮፕተራቸውን ሲኤች-53ኬን እ.ኤ.አ. በ2015 አበረሩት፤ ለግዳጅ ብቁ ያሉት በ2022 ነው። ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ካምቢዮ ነበር። የአንዱ ዋጋ ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ስንት ድልድይ ይሠራል?

በ77ቱ ድርቅ የፖላንድ ሚ-8ዎች ቀድመው አርፈው ሜዳውን ያዩ ነበር። ከዚያ የእንግሊዝ የጭነት አውሮፕላን፣ ሄርኩሊስ፣ ዝቅ ብሎ ጆንያ ይጥላል። ጆንያ ሲፈነዳ እናቶች ስንዴውን ከአፈር ውስጥ ይለቅሙ ነበር። ዓይኔ ላይ አለ። ትልቅ ሄሊኮፕተር አልነበረንም፤ ትንሹ ግን ደርሶልናል።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ ይህ ታሪክዎማ ለእኔ ይመሰክራል። ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ሜዳው ላይ የሚያርፍ ቢኖር ጆንያው ለምን ይጣላል? ደግሞስ የሚ-26 ሞተር ከየት ይመጣል? ሞተሩ ዲ-136 የዩክሬን ሥራ ነው፣ የዛፖሮዢያ ከተማ። ሩሲያና ዩክሬን ሲጣሉ አቅርቦቱ ተቋረጠ። እናድስ ሲሉ በማን ሞተር?

መካኒኩ፦
በሞተሩ ረታሽኝ። አዲስ ሞተር ይሠራለት፣ እሺ። ግን "የጦር" የምትለዋን ቃል አትዝለያት። የጦር ሄሊኮፕተር መጀመሪያ የሚያነሳው መድፍ ነው፤ ዶዘሩ ተራ ይጠብቃል። እኛ እኮ ድምፁን ስንሰማ ልጆቻችንን ወደ ቤት የምናስገባ ሰዎች ነን።

መምህርቷ፦
ይህን አልክድም፤ እኔም ያስገባሁ ነኝ። ስለዚህ ገንዘቡ ሲመደብ ጀምሮ፣ የናዳ ቀን መድፉ ወርዶ ዶዘሩ እንዲጫን በትእዛዝ ይጻፍ። አምና ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ የተማሪዬን እናት ምጥ ይዟት በቃሬዛ አሻግረናል። አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ዶዘር የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው።