ቪከርስ ከመድፍ ወደ አውሮፕላን፦ ከጦርነቱ በፊት የተከፈለው ዋጋ

የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ወደ አውሮፕላን ሥራ የገቡት አንደኛው የዓለም ጦርነት ከፈነዳና መንግሥታት ገንዘባቸውን ማፍሰስ ከጀመሩ በኋላ እንደሆነ አዘውትሮ ይነገራል። ይህ ለብዙዎቹ ፋብሪካዎች እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእንግሊዙን የቪከርስ ኩባንያ ጉዞ ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቪከርስ ጦርነቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት፣ ለአውሮፕላን አስተማማኝ ገበያ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሥራውን ጀምሮ ደጋግሞ ወድቆበታል። በእኔ እምነት የዚህ አጀማመር ቁም ነገር የሚገኘው በውድቀቶቹ ውስጥ ነው፤ ኪሳራውን የተሸከመው ደግሞ ከመድፍና ከጦር መርከብ የተገኘ ትርፍ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ኩባንያው በሼፊልድ ከተማ ብረት በማቅለጥ የተነሣ ነው፤ ከታወቀባቸው ምርቶቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የባሮው የመርከብ ግንባታ ሥፍራንና የማክሲም መትረየስን የሚሠራውን ድርጅት ገዝቶ ብረቱን፣ መርከቡንና ጠመንጃውን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። የመትረየሱ ፈጣሪ ሂራም ማክሲም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1894፣ በእንፋሎት ሞተር የሚሠራ ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን ግዙፍ ማሽን በኬንት አውራጃ በሐዲድ ላይ ሞክሮ ነበር፤ ማሽኑ ለአፍታ ከሐዲዱ ተነሥቶ ከላይ የተዘረጋበትን መከላከያ ሰበረና ቆመ። ስለዚህ የመብረር ሐሳብ ለቪከርስ ሰዎች እንግዳ አልነበረም።

ኩባንያው በአየር ሥራ ራሱን በይፋ የፈተነው ግን በአየር መርከብ ነው። በ1909 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከጀርመኖቹ ግዙፍ የአየር መርከቦች ከዜፕሊኖች ጋር የሚወዳደር፣ ከአየር በሚቀል ጋዝ የሚንሳፈፍ፣ ጠንካራ አጽም ያለው የአየር መርከብ እንዲሠራለት አዘዘ። በባሮው የተገነባው ይህ መርከብ 156 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው፤ አጽሙም ያኔ አዲስ ከነበረው ዱራሉሚን ከተባለው ቀላል የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነበር። ሰዎች «ሜይፍላይ» የሚል ቅጽል ስም ሰጡት። በ1911 ግንቦት ወር ከመጠለያው ወጥቶ ብርቱ ነፋስን ተቋቁሞ ቢቆምም፣ ክብደቱ ከሚገባው በላይ ስለነበር ሊነሣ አልቻለም። ክብደቱን ለመቀነስ የሥረኛው የጀርባ አጥንቱ ተነቅሎ እንዲጣል ተደረገ፤ ከንድፍ ሠሪዎቹ አንዱ ሃርትሊ ፕራት ይህ አደጋ እንዳለው አስጠንቅቆ ነበር። መስከረም 24 ቀን 1911 መርከቡ እንደገና ሲወጣ አንድም ጊዜ ሳይበር ከመካከሉ ተሰበረ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ትልቅ ዕድል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የጦር መርከብ የሚገነባ ሰው ጥንካሬን ከብረት ውፍረት ይጠብቃል፤ በአየር ላይ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ ያስከፍላል። ባሮው ለባሕር የሠለጠነበትን ልማድ ይዞ ወደ ሰማይ ሲነሣ ከባድ ነገር ሠራ፤ ከዚያም ክብደቱን ለማቃለል ሲቸኩል ማስወገድ የማይገባውን አስወገደ። ኩባንያው ከዚህ የተማረው ነገር ስለመኖሩ የሚያሳምነኝ አንድ እርምጃ ነው፦ በ1913 የአየር መርከብ ሥራ ሲታደስ ያንኑ ያስጠነቀቀውን ፕራትን መልሶ ጠራው።

አውሮፕላኑም ቢሆን በዚያው በ1911 ተጀመረ። ቪከርስ የራሱ ንድፍ ስላልነበረው የፈረንሳዊው ሮቤር ኤስኖ-ፔልተሪን ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላን በፈቃድ መሥራት ጀመረ፤ የአየር ክፍሉንም ካፒቴን ኸርበርት ዉድ እንዲመራ ተደረገ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ለአሳሹ ዳግላስ ሞውሰን የአንታርክቲካ ጉዞ ተገዛ፤ ነገር ግን ጉዞው ሳይጀመር አውስትራሊያ ውስጥ ለሙከራ ሲበር ወደቀ። ክንፉ ተነቅሎ በበረዶ ላይ ዕቃ እንዲጎትት ወደ ደቡብ ተወሰደ፤ እዚያም ሞተሩ ብዙ ሳይሠራ ተበላሸ። በ1913 ጥር ደግሞ ሌላ የቪከርስ አውሮፕላን ቴምዝ ወንዝ ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሰጥመው ሞቱ። የኩባንያው ስኬት ሲተረክ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከታሪኩ ዳር መቅረታቸው ያሳዝነኛል፤ ሒሳቡ የእነርሱንም ሕይወት ይጨምራልና።

ቪከርስ የራሱን መንገድ ያገኘው አንድ የጠመንጃ ሠሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው፦ መትረየሱ የት ይቀመጥ? በወቅቱ ብዙ ሰው አውሮፕላንን የሚያስበው እንደ ቃኚ ዓይን ነበር። የፊተኛውን ፕሮፔለር ሳይመቱ በመካከሉ የሚተኩስ መሣሪያ ገና በሥራ ላይ ስላልዋለ፣ የቪከርስ ሰዎች ሞተሩንና ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ አዙረው አፍንጫውን ለተኳሹ ለቀቁ። በ1912 መጨረሻ ከባሕር ኃይሉ በተገኘው ውል መሠረት የተሠራው አውሮፕላን በ1913 የካቲት በለንደኑ የኦሊምፒያ ትርዒት ላይ ቀረበ። እርሱም መጀመሪያ ሊበር ሲነሣ ተከሰከሰ። የጥይት ዝናሩም በጠባቡ ቦታ አልመች ስላለ ቆይቶ ክብ ካዝና ባለው የሉዊስ መትረየስ ተተካ። ከዚህ ማስተካከያ የወጣው ኤፍ ቢ 5፣ ወታደሮቹ «ጋንባስ» ያሉት፣ በ1915 ሐምሌ ፈረንሳይ የደረሰው የእንግሊዝ 11ኛው ስኳድሮን (የአየር ጓድ) የታጠቀው አውሮፕላን ነው። ለጀርመን አውሮፕላን ይሠራ የነበረው ፎከር በፕሮፔለሩ መካከል የሚተኩስ ተዋጊውን ሲያመጣ ግን የቪከርስ መልስ በወራት ውስጥ አረጀ።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የግል ባለሀብት ድፍረት አድርገው ያወድሱታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያው ዘመን በራሳቸው ገንዘብ አውሮፕላን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አንድ የመከስከስ አደጋ ሥራቸውን ሊዘጋባቸው ይችል ነበር፤ ቪከርስ ግን ሜይፍላይ በተሰበረ ማግስት የሚገነባቸው የጦር መርከቦች ነበሩት። መታገሡ ያስመሰግነዋል፤ ትዕግሥቱ ግን መደገፊያ ነበረው፤ ያ መደገፊያ የአውሮፓ መንግሥታት በመድፍና በመርከብ መሽቀዳደማቸው ነበር።

የዚህ ጉዞ ፍሬ ዘግይቶ ታየ። ቪሚ የተባለው የቪከርስ ቦምብ ጣይ መጀመሪያ የበረረው በ1917 ኅዳር መጨረሻ ሲሆን ለጦርነቱ በቅጡ ሳይደርስ ጦርነቱ አበቃ። በ1919 ሰኔ ጆን አልኮክና አርተር ብራውን በቪሚ ላይ ለቦምብ የታሰበውን ክብደት በተጨማሪ ነዳጅ ተክተው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለችው ከኒውፋውንድላንድ ተነሡ፤ 16 ሰዓት ገደማ በደመናና በበረዶ ውስጥ በረው፣ ያለማቋረጥ አትላንቲክን በአውሮፕላን የተሻገሩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በመሆን አየርላንድ ውስጥ ክሊፍደን አጠገብ አረፉ። ከላይ ሲያዩት ለምለም ሜዳ የመሰላቸው ቦታ ረግረግ ስለነበር የአውሮፕላኑ አፍንጫ ጭቃው ውስጥ ተተከለ፤ ሁለቱም በሰላም ወረዱ።