የስልክ ቁጥር መጻፊያዋ አንገሸገሸችኝ

እዚህ ሐዋሳ ለሱቆች የማዘዣ አፕ እየሠራን ነው። ሌላው አልቆ የስልክ ቁጥር መጻፊያዋ ላይ ተቸክለን ቀረን።

ሰው ቁጥሩን እንደለመደው ነው የሚጽፈው። አንዱ 09 ብሎ ይጀምራል፣ አንዱ +251 ይላል፣ ሌላው ከቴሌግራም ከነክፍተቱ ገልብጦ ይለጥፋል። መብቱ ነው! ማስተካከል የኮዱ ሥራ ነው። ግን ኮዱ በመሃል ክፍተት ሲያስገባ የምትጽፍበትን ቦታ የሚያሳየው ጠቋሚ ዘሎ መጨረሻው ላይ ቁጭ ይላል። መሃል ያለችውን አንዲት አሃዝ ላርም ስትል ጤነኛዋን ታጠፋለህ። በዚህ ላይ እስከዛሬ በ07 የሚጀምር ቁጥር «ልክ አይደለም» የሚል አፕ አለ። የሳፋሪኮም ደንበኛ ሰው አይደለም እንዴ?

የስም መጻፊያው ደግሞ ይብሳል። የላቲን ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ከኢንተርኔት ተቀድቶ ይገባል። እዚሁ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ እናት ስማቸውን በአማርኛ ሲጽፉ ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል። በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ስማቸው! ማጣሪያው ቢነሳ እንኳ፣ ኪቦርዱ «ለ»ን ወደ «ሊ» ሳይቀይር ፎርማተሩ (የተጻፈውን የሚያስተካክለው ኮድ) ጣልቃ ገብቶ ፊደሉን ይሰብረዋል።

እባካችሁ፣ ሰው ጽፎ እስኪጨርስ አትንኩት። ክፍተቱንም +251ንም ከዚያ በኋላ አስተካክሉት።