ማስተካከያ፦ 54.5 ማይል የእያንዳንዱ መኪና ግዴታ አልነበረም

ስለ አሜሪካ የነዳጅ ቁጠባ ደንብ ባለፈው በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«በኦባማ ጊዜ በ2012 የወጣው ደንብ በ2025 እያንዳንዱ መኪና በጋሎን 54.5 ማይል እንዲሄድ ያስገድዳል» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። ቁጥሩ በሊትር 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግን የአዳዲስ መኪኖች ሁሉ አማካይ ግምት ነው። የእያንዳንዱ አምራች ግብ የሚሰላው በሸጣቸው መኪኖች ስፋት ነው። በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው ቦታ ይለካል። ስለዚህ ትልልቅ ፒክአፕ የሚያበዛ ድርጅት ግቡ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ የላቦራቶሪ ፈተና ውጤት ነው፤ ለመኪናው አየር ማቀዝቀዣ መሻሻል የሚሰጠው ነጥብም ተደምሮበታል። መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው መስኮቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሚያየው ከዚህ በብዙ ያንሳል።

«ኢንዱስትሪው በሙሉ ተቃወመ» ያልኩትም ስህተት ነው። ዕቅዱ በ2011 ሲታወጅ 13 አምራቾች ደግፈውታል። የተከፋፈሉት በኋላ፣ የትራምፕ መንግሥት ደንቡን ለማላላት ሲነሳ ነው። በ2019 ፎርድ፣ ሆንዳ፣ ቢኤምደብሊውና ቮልስዋገን ትራምፕ ካሰበው የጠበቀ ደንብ ለመከተል ከካሊፎርኒያ ግዛት ጋር ተስማሙ። ጀነራል ሞተርስ፣ ቶዮታና ፊያት ክራይስለር ደግሞ ከትራምፕ ጎን ቆሙ። ጀነራል ሞተርስ በኖቬምበር 2020 ሐሳቡን ቀይሮ ወጣ።