ዋጋው ኢንቦክስ ነው

ሰልባጅ በኦንላይን የሚቸረችር ሰው ባየሁ ቁጥር ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ሌላው ነጋዴ ዕቃው እንዲሸጥለት ይለፋል። የኛ ሰው ግን ዕቃው እንዳይሸጥበት ነው የሚለፋው። ይህን ያህል ትጋት በየት አገር ይገኛል?

ከዋጋው እንጀምር። ፎቶው አለ፣ ጃኬቱ አለ፣ ዋጋው የለም። ከሥሩ «ዋጋ ኢንቦክስ» ተብሏል። የጃኬት ዋጋ ለካ በአደባባይ የማይነገር የጓዳ ምስጢር ኖሯል! እሺ ብዬ ኢንቦክስ ገባሁ። «ሰላም፣ ጃኬቱ ስንት ነው?» አልኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «ሰላም ውዴ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ደግሜ ጠየቅኩ። «አንቺ ስንት አሰብሽ?» አለኝ። ስሜም ፎቶዬም የወንድ ነው። ቢሆንም ደንበኛን እንዲህ አቅርቦ «ውዴ» የሚል ሻጭ በፆታ ስህተት አይወቀስም።

ፎቶውን ደግሞ ተመልከቱልኝ። በቀን፣ መስኮት አጠገብ ቢነሳ ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ግን የመስኮት ብርሃን ነፃ ነው፣ ነፃ ነገር ደግሞ ያስንቃል። ስለዚህ ሌሊት፣ በደከመ አምፖል ሥር ይነሳል። ጥቁር ይሁን፣ ሰማያዊ ይሁን፣ ጥቁር አረንጓዴ ይሁን ገዢው ሲደርሰው ያውቀዋል። ሕይወት ትንሽ ሰርፕራይዝ ካላላት ምኑን ሕይወት ሆነች? ከጃኬቱ ኋላ ያልተነጠፈ አልጋ ይታያል። እሱ በነፃ የተጨመረ ነው።

ወደ ማስታወቂያው ርዕስ ስንመጣ ጥበቡ ይጠልቃል። ኢቤይ የሚባለው የኦንላይን ገበያ ለርዕስ የሚፈቅደው 80 ፊደል ብቻ ነው። ገር የሆነ ሻጭ በዚያች ቦታ ብራንዱን፣ የልብሱን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ ሳይዙንና ጨርቁን ይጠቀጥቅባታል። ገዢ የሚፈልገው እንዲህ ብሎ ነዋ፦ «ሰማያዊ የወንድ ጂንስ ወገብ 32»። የኛ ሰው ግን «ዋው!!! የሚገርም ልብስ እንዳያመልጥዎ!!!» ብሎ ይጽፋል። እስቲ ንገሩኝ፣ መፈለጊያው ላይ «ዋው» ብሎ ጽፎ ሱሪ የሚፈልግ ማነው? ጥቂት ቦታ ከተረፈው ደግሞ «ዛራ ሌቪስ ጉቺ ስታይል» ብሎ ይሞላበታል። ሱሪው የሦስቱም አይደለም። ኢቤይ ይህን መሰል የስም ማግበስበስ ይከለክላል። ክልከላ ግን ለተራ ሰው ነው።

«ቪንቴጅ» የምትለውን ቃልማ አታንሷት፤ የድሮ ዘመን ዕቃ ማለት ነው። ኤትሲ የሚባለው ገበያ አንድ ዕቃ ቪንቴጅ እንዲባል ቢያንስ 20 ዓመት ሊሞላው ይገባል ይላል። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! በኛ ሰው ሚዛን ቲሸርት ሁለት ጊዜ ታጥቦ አንገቱ ከላላ ቪንቴጅ ነው። ሦስተኛ ከታጠበ «ሬር»፣ ማለትም ብርቅዬ ይሆናል።

የሳይዙ ነገር ግን የኔንም አንጀት ነክቷል። «ሚዲየም ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሱሪ ገዛሁ። ለሁሉም የሚሆን ሱሪ ጉልበቴን አላልፍ አለ። ጥፋቱ የሱሪው አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም የሌላው ላርጅ ነው፤ የድሮ ልብስ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከዛሬው ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ ያገለገለ ልብስ ታጥቦ የጠበበ፣ ተለብሶ የተለጠጠ ነው። መድኃኒቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፦ ልብሱን ጠፍጣፋ ቦታ መዘርጋት፣ ቁልፉን መቆለፍ፣ ሜትር ማውጣት። ከብብት እስከ ብብት፣ ወገብ፣ ርዝመት፣ የሱሪ የውስጥ እግር። አራት ቁጥር ይጻፋል፣ አለቀ። ሻጩን ለምን አልለካህም ብዬ ጠየቅኩት። «ቀጭን መስለኸኝ ነው» አለኝ። እንዴት ያለ አክብሮት ነው፣ ሰው በፎቶው ብቻ እንዲህ አማረ ተብሎ ሲገመት!

እድፍ ካለስ? እድፍ የሚባል ነገር የለም፣ በደንብ የተቀመጠ እጅ ነው ያለው። ሸሚዙን ለብሶ ፎቶ የተነሳው ሰው እጁን ደረቱ ላይ ካደረገ ልቡን ነክቶ ሰላም እያለ እንዳይመስላችሁ። ከእጁ ሥር ዘይት አለ።

የኢቤይን መጀመሪያ ሳስብ ለዚህ ነው የማዝነው። ነገሩ የሆነው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ነው። መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ገበያውን ለመሞከር የተበላሸ ሌዘር ጠቋሚ አወጣ። የተበላሸ መሆኑን ደግሞ አልደበቀም። የዋህ! ዕቃው በ14.83 ዶላር ተሸጠ። ይባስ ብሎ ለገዢው ጽፎ «መበላሸቱን አውቀሃል አይደል?» ብሎ አረጋገጠ። ሰውየው የተበላሸ ሌዘር ጠቋሚ ነው የምሰበስበው አለው። እውነቱን ተናግሮ፣ ሸጦ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ኧረ ምነው አንድ ዘመናዊ ሻጭ አጠገቡ በነበረና «ፒየር፣ እጅህን አድርግበት እንጂ» ባለው!

ለነገሩ የኛ ሰው መጠባበቂያ አለው። ከማስታወቂያው ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ኢቤይ ላይ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ገዢው መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሻጩ «አይመለስም» ቢልም። የመመለሻውን ወጪ ሻጩ ይከፍላል። እድፉ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። እጅ ግን እንደገና ይቀመጥበታል፤ ተስፋ መቁረጥ ብሎ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽያጭ ቢቀዘቅዝ ጥፋቱ የማነው? ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ የሚወስነው የአልጎሪዝሙ ነዋ! አልጎሪዝም ቀናተኛ ነው፣ ጥሩ ሻጭ አይወድም።

ትናንት ያ ጃኬት እንደገና ተለጥፎ አየሁት። ያው ፎቶ፣ ያው አልጋ፣ አሁንም ያልተነጠፈ። «አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ ፍጠኑ!» ይላል። ሰልባጅ መቼ ሁለት ኖሮት ያውቃል? ከሥሩ አምስት ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋል። አንዱ እኔ ነኝ።