ኦን ዘ ዌይ

የድሬ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም የሚል ካለ፣ አንድ ቀን ቀጠሮ ይያዝና ይደውልለት።

እኔ ባለፈው ቅዳሜ ድሬ ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ፊት ለፊት ቀጠሮ ነበረኝ። ለ10 ሰዓት። 20 ደቂቃ ጠብቄ ለወዳጄ ደወልኩ። «ኦን ዘ ዌይ ነኝ አቦ!» አለኝ። መንገድ ላይ ነኝ ማለቱ ነው። ከኋላው ፋን ሲሽከረከር ይሰማኛል። ድሬ መንገድ ላይ ፋን ተተክሎ አላየሁም። ቢተከል ግን አልጠላም።

ብቻ ልብ በሉልኝ፤ «ኢን ዘ ዌይ» አላለም። እንዲያ ቢል «መንገድ ዘግቼ ቆሜያለሁ» ማለት ይሆንበት ነበር። «አት»ንም አልሞከራትም። ሰው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ትክክለኛዋን መስተዋድድ ከመረጠ ምን ይባላል? ይመችህ ነው እንጂ።

ለፍርድ ያህል ደግሞ፣ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። እንግሊዞች ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛውን «ኢን ቤድ» ይሉታል። አልጋው ላይ እንዲሁ ጋደም ያለው ግን «ኦን ዘ ቤድ» ነው። በድሬ ሙቀት ማን ይከናነባል? ስለዚህ ወዳጄ ኦን ነበር። ኦኗን አልነካትም። አልጋውን በመንገድ ቀየረው እንጂ።

ለ11 ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሰ። እኔም በሱው ቋንቋ ልውቀሰው ብዬ «አይ አራይቭድ ቱ ለገሃር» ስል ጀመርኩ። ይቅርታ አልጠየቀም። አረመኝ። «አራይቭድ ቱ አይባልም» አለ፣ ከልቡ እያዘነልኝ። «ለከተማ ኢን ነው። እንደ ጣቢያ ላለው ቦታ አት ነው። ድሬዳዋ ከሆነ ኢን፣ ለገሃር ከሆነ አት።» ልክ ነው። 45 ደቂቃ ሙሉ ፀሐይ የጠበሰኝ ለካ አት ሆኜ ነው።

ባጃጅ ያዝን። ትምህርቱ ቀጠለ። አውቶቡስና ባቡር ኦን ናቸው፤ ሰው ቆሞ ይሄድባቸዋልና። የቤት መኪና ኢን ነው፤ ቁጭ ከማለት በቀር ምንም አይቻልም። «ባጃጅስ?» አልኩት። ዝም አለ። አንድ እግሩ ውጭ ነበር። የኔ ክርንም ውጭ ነበር። ሾፌሩ ራሱ ግማሽ ወገቡ ከውጭ ነው። በመጨረሻ ሾፌሩ ዞሮ «ኮንትራት ናችሁ ወይስ ሰው ልጫን?» ሲል ክርክሩ ተዘጋ። እንግሊዞች ያላሰቡበት ነገር ድሬ ላይ ሞልቷል።

ለምሳሌ የድሬን ወንዝ ደቻቱን ውሰዱ። ወንዝ ዳር ያለ ከተማ በእንግሊዝኛ «ኦን ዘ ሪቨር» ነው። ጥሩ። ደቻቱ ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ወንዙ ውስጥ ቆሞ ይገበያያል፣ ልጆች ወንዙ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፣ ጫማውም አይርስ። «አይ አም ኢን ዘ ሪቨር» ብሎ ለንደን ያለ ዘመዱን የሚያስደነግጥ የድሬ ሰው ሰዋስው አልሳተም። (በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ በሌሊት ቤት ውስጥ የገባ ጊዜ ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ አልቀልድም።)

አያቶቻችን ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት። እኛ «ላ»ዋንም ሳንመልስ ለገሃር ብለን ወሰድነው። ከዚያ በኋላ ሰው «ለገሃር ነኝ» ይል ነበር። ኢን የለ፣ አት የለ። ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ የሚታወቀው፣ «ለገሃር ነኝ» ያለው ሰው ለገሃር ተፈልጎ መገኘቱ ነው።

የኛ ቋንቋ ለዘመናዊ ቀጠሮ አይመችም ማለት ነው። ያለን ትልቁ መሣሪያ «ጋ» ነው። «ድልድዩ ጋ ነኝ» ይልሃል። ድልድዩ ጋ ትሄዳለህ። የለም። «የት ጋ?» «እዚሁ ጋ።» ይቺ «ጋ» ከመጋላ ተነስታ ከዚራን አቋርጣ ሳቢያን ትደርሳለች። ግን ትጠረጠራለች። «ጋ» ያለህን ሰው «ቆይ የት ጋ?» ብለህ ታፋጥጠዋለህ። «ኦን ዘ ዌይ» ያለህን ማን ያፋጥጣል? ሰዋስው የተማረ ሰው ይዋሻል ብለህ አታስብማ። እኔ እንኳን ስንት ዓመት ተታልዬ፣ ሁሌም ስልኩን የምዘጋው በአክብሮት ነው።

ከዚራ ከዛፎቹ ሥር አንድ ሻይ ቤት ቁጭ አልን። ወዳጄ ወደ «ኮርነር» ጉዳይ ገባ። የክፍል ጥግ ከሆነ ኢን፣ የመንገድ ማዕዘን ከሆነ አት ወይም ኦን። ሻዩ እየቀዘቀዘበት ነው። መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው። ለካ ከቤት ሲወጣ ለራት የሚሆን ቃሪያና ሎሚ ከቀፊራ እንዲያመጣ ልከውት ኖሯል።

«የት ደረስክ ልጄ?»

«ኦን ዘ ዌይ ነኝ እማዬ!» አለ፣ እግሩን ወንበር ላይ እንደሰቀለ።

የእማማ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለኔም ይሰማል።

«እሱን ሰፈር አላውቀውም። ከቀፊራ በላይ ነው በታች?»